ውጅግራ በወሎ ገበያና በወሎ ዳስ

ውጅግራን አንስቶ የሚያውቅ ሰው ከሁሉ በፊት የሚያወራው ስለ ክብደቱ ነው። ባዶውን ከ4 ኪሎ በላይ ይመዝናል፤ ቁመቱ 1 ሜትር ከ30 ሴንቲ ሜትር ነው፤ ሰደፉ መሬት ሲነካ አፈሙዙ ከብዙ ሰው ደረት በላይ ይቆማል። የሚጎርሰው አንድ ጥይት ብቻ ነው። መዝጊያውን ወደ ላይ አንስቶ ወደ ኋላ መሳብ፣ አውራ ጣት የሚያህለውን የነሐስ ጥይት በእጅ ማጉረስ፣ መዝጊያውን መልሶ መቀርቀር፣ ከዚያ ማነጣጠር። ቃታው ሲሳብ ጥቁሩ ባሩድ ነጭ ጭስ ይተፋል፤ ተኳሹ ዒላማውን መምታት አለመምታቱን የሚያየው ጭሱ ሲገለጥለት ነው። እስከዚያ ድረስ ዙሪያውን የቆመው ሰው ቀድሞት አይቷል። ወይ እልል ተብሎለታል፣ ወይ ዝም ተብሏል።

የጠመንጃ ታሪክ በአገራችን ሲጻፍ ብዙ ጊዜ የሚጻፈው ከጦርነት ጋር ነው። መቅደላ፣ አድዋ፣ ሰገሌ፣ ማይጨው። ይህ ትክክል ነው፤ ግን ጎዶሎ ነው። አንድ ጠመንጃ በሰው እጅ ከቆየባቸው ዓመታት ውስጥ በጦር ሜዳ የዋለባቸው ቀናት ጥቂት ናቸው። የቀረውን ጊዜ ያሳለፈው በገበያ፣ በሠርግ ዳስ፣ በለቅሶ ሜዳና በወዳጅ ትከሻ ላይ ነው። ይህን የቀረውን ታሪክ ለማየት ደግሞ ከደሴና ከኮምቦልቻ አካባቢ የተሻለ ቦታ ማግኘት ያስቸግራል፤ ከባሕር የመጣ ጠመንጃ ከቆላ ወደ ደጋ ከሚወጣባቸው በሮች አንዱ እዚህ ነውና።

ስሙን እንጀምር። «ውጅግራ» ፈረንሳዮች «ፉዚል ግራ» የሚሉት ጠመንጃ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1874 ለፈረንሳይ ጦር የወጣ፣ ግራ በተባለ መኮንን ስም የተጠራ። የእኛ ነጋዴና የእኛ ወታደር ፉዚል ግራን ለአፉ እንዲመቸው አድርጎ ውጅግራ አለው። የእንግሊዙ ስናይደር ሰናድር ሆነ፤ የፈረንሳዩ ለበል ለበን ሆነ። ለበል የወጣው እ.ኤ.አ. በ1886 ነው፤ ጭስ አልባ ባሩድ የሚተኩስ፣ ስምንት ጥይት በሆዱ የሚይዝ አዲስ መሣሪያ ነበር። እሱ በመጣ ማግስት የፈረንሳይ ጦር ግምጃ ቤቶች በማይፈለግ ግራ ተሞሉ። ሌሎቹም የአውሮፓ መንግሥታት በዚያው ዘመን አሮጌውን በአዲስ ይተኩ ነበርና፣ የተጣለው ሁሉ በመርከብ ተጭኖ ወደ ቀይ ባሕር ዳርቻ ወረደ። አገራችን የተቀበለችው ሌላው የጣለውን ነው፤ በዚያው በተጣለ ብረት ግን ነጻነቷን ጠብቃበታለች።

ሰናድርን የወሎ ምድር ያየችው ከሁሉ ቀድማ ነው፤ ያየችውም በክፉ ቀን ነው። በሚያዝያ 1860 የእንግሊዝ ጦር ዛሬ በደቡብ ወሎ ወደሚገኘው መቅደላ አምባ ሲደርስ ወታደሩ የያዘው ያኔ አዲስ የነበረውን ስናይደር ነበር። ሚያዝያ 3 ቀን ከአምባው በታች በእሮጌ ሜዳ በዚያ ጠመንጃ ፊት የአፄ ቴዎድሮስ ሠራዊት ረገፈ። ከሦስት ቀን በኋላ ንጉሡ ራሳቸውን የሰዉበት ሽጉጥ ንግሥት ቪክቶሪያ ለወዳጅነት ምልክት ብላ የላከችላቸው ነበር፤ በብር ሰሌዳው ላይም የምስጋና ቃል ተቀርጾበታል። ጋፋት ላይ የተሠራው ትልቁ መድፋቸው ሴባስቶፖል ያን ሁሉ ገደልና የበሽሎን በረሃ አቋርጦ፣ በሰው ጉልበት ተጎትቶ የወጣው እዚሁ መቅደላ ነው።

የወዳጅነት ስጦታ የነበረው ሽጉጥ የሞት መሣሪያ መሆኑ ልብ ይነካል። ጠመንጃን ስጦታ፣ ዕቃና የክብር ምልክት አድርጎ መያዝ ግን በመቅደላ አላበቃም፤ እንዲያውም ከዚያ በኋላ በረታ።

ከመቅደላ ሃያ ዓመት ሳይሞላ አንድ ፈረንሳዊ በታጁራ ወደብ ግመል እስኪያገኝ ወራት ሲጠብቅ እናገኘዋለን። አርተር ሬምቦ ይባላል፤ በወጣትነቱ በአገሩ ታላቅ ገጣሚ የነበረ፣ ግጥሙን ትቶ ነጋዴ የሆነ ሰው። በ1878 ዓ.ም. ለቤተሰቡ በጻፈው ደብዳቤ ንግዱን ሳይደብቅ ያስረዳል፦ ጠመንጃዎቹ ከአርባ ዓመት በፊት ከአገልግሎት የወጡ ናቸው፤ አውሮፓ ውስጥ ከአሮጌ መሣሪያ ሻጮች በ7 ወይም በ8 ፍራንክ ይገዛሉ፤ ለሸዋው ንጉሥ ለምኒልክ ግን በ40 ፍራንክ ገደማ ይሸጣሉ። ወደ 2,000 የሚሆን ጠመንጃና 60,000 ጥይት ጭኖ የአፋርን በረሃ አቋርጦ በጥር 1879 መጨረሻ አንኮበር ገባ። ትርፉ ያሰበውን ያህል አልሆነም። ሸሪኩ ሞቶበት ነበር፤ ባለዕዳ ነኝ ባዩ በዛበት፤ ምኒልክም በዋጋ የሚሸነፉ ሰው አልነበሩም። ከእሱ የገዙት በራሳቸው ዋጋ ነው።

ሬምቦ የሄደበት መንገድ ወደ ሸዋ የሚያወጣው ነው። ለወሎ የቀረበው ሌላው መንገድ ነበር፤ ከአሰብ ተነስቶ በአውሳ አልፎ በባቲ በኩል ወደ ደሴ የሚወጣው። የባቲ የሰኞ ገበያ የቆላውና የደጋው ሰው የሚገናኝበት ነው። አፋሩ ጨውና ግመል ይዞ ይወጣል፤ የደጋው ሰው እህልና ከብት ይዞ ይወርዳል። በዚህ ጭነት መካከል ጠመንጃና ጥይትም ያልፍ ነበር። ጣልያናዊው ቆንት ፔትሮ አንቶኔሊ በ1875 ዓ.ም. ከምኒልክ ጋር የንግድ ውል ሲዋዋል ዓይኑ የነበረው በዚሁ በአሰብ መንገድ ላይ ነው።

የወሎ ሰው የዚህን ንግድ ትልቁን ውል በደጃፉ አይቶታል። ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ምኒልክና አንቶኔሊ የውጫሌን ውል የተፈራረሙት ከደሴ በስተሰሜን፣ አምባሰል ውስጥ፣ ይስማ ንጉሥ በተባለው ሥፍራ ነው። ሁሉም የሚያውቀው 17ኛው አንቀጽ ነው። በዚያው ውል ውስጥ ግን ስለ ጠመንጃም አንቀጽ አለ፦ የጦር መሣሪያ በምጽዋ በኩል አልፎ እንዲገባ የሚፈቀደው ለንጉሠ ነገሥቱ ብቻ ይሆናል የሚል። ምኒልክ የፈለጉት ይህን ነበር። ውሉ ሊፈርስ ሲቃረብ እንኳ፣ በ1885 ዓ.ም.፣ ጣልያን ለመለማመጥ ብላ 2 ሚሊዮን ጥይት ላከችላቸው። ጥይቱን ተረከቡ፤ ውሉንም እንደማይቀበሉት ለዓለም አስታወቁ። መስከረም 7 ቀን 1888 የክተት አዋጅ ሲታወጅ ደግሞ ለሸዋ ሰው የተቀጠረለት መገናኛ ቦታ ወረኢሉ፣ እዚሁ ደቡብ ወሎ ነበር። ያ ሁሉ ሰናድር፣ ውጅግራና ሬምንግተን ወደ አድዋ ከመውጣቱ በፊት በወረኢሉ ሜዳ ላይ ሰፍሯል።

አሁን ከነገሥታቱ ወረድ ብለን ወደ ባላገሩ እንምጣ፤ የነገሩ ጣዕም ያለው እዚያ ነው።

በምኒልክ ዘመንና ከዚያም በኋላ በብዙ የአገራችን ገበያዎች ጥይት ገንዘብ ነበር። ጠገራ ብር ለትንሽ ዕቃ ይከብዳል፤ አሞሌ ጨው ዝናብ ይፈራል፤ የውጅግራ ጥይት ግን አይሟሟም፣ አይሰበርም፣ ሁሉ ይፈልገዋል። ስለዚህ እንደ ዝርዝር ሆኖ ከእጅ ወደ እጅ ዞረ። ዝናሩን የታጠቀ ሰው ቦርሳውን ወገቡ ላይ አስሮ የሚዞር ያህል ነበር። ቀለሁም አይጣልም። የጥቁር ባሩድ ጥይት ነሐሱ ወፍራም ነውና እንደገና ሊሞላ ይችላል፤ ከሰል፣ ድኝና ጨው ባሩድ ቀምሞ፣ እርሳስ አቅልጦ አፉን የሚዘጋ ሙያተኛ ካለ ያው ጥይት ደጋግሞ ይጮኻል። ዒላማ ተተኩሶ ሲበቃ ቀለህ የሚለቅም ልጅ አይጠፋም፤ ለልጁ መጫወቻ፣ ለአባቱ ንብረት ነው።

የጠመንጃ ግዢ ከበሬ ግዢ ይመሳሰል ነበር፤ ችኮላ አይወድም። ገዢው መጀመሪያ መዝጊያውን ያወጣል፤ በአፈሙዙ በኩል አንድ ዓይኑን ጨፍኖ ወደ ሰማይ ያያል። የውስጡ ጠመዝማዛ ጥርስ እንደ መስተዋት ካበራ «ሆዱ ንጹሕ ነው» ይላል፤ ዝገት ከበላው ፊቱን ያጨማድዳል። ቃታውን በባዶ ይስባል፤ ድምፁን ያዳምጣል። ሰደፉን ይዳብሳል፤ ተሰንጥቆ በቆዳ ወይም በሽቦ የታሰረ ከሆነ ዋጋ ይወርዳል፣ በብር ወይም በነሐስ ጌጥ የተለበጠ ከሆነ ግን የማን እንደነበር ይጠየቃል። ከዚህ ሁሉ በኋላ አንድ ወይም ሁለት ጥይት ይተኮሳል። ቀጥሎ የሚነሳው ጥያቄ ጥይቱ ይገኛል ወይ የሚለው ነው። ጥይቱ ከገበያ የጠፋ ጠመንጃ የቱንም ያህል ቢያምር ግድግዳ ላይ ከመሰቀል አያልፍም። ውጅግራን ዘመን ያቆየው ማማሩ ሳይሆን ጥይቱ በየገበያው መገኘቱ ነው፤ ከገበያ ያስወጣውም ጥይቱ መጥፋቱ ነው።

ዋጋው በቁጥር ብቻ አይቆረጥም ነበር። ጠመንጃ በበሬ ይለወጣል፣ በበቅሎ ይለወጣል፣ በጠመንጃ ላይ ጭማሪ ተደርጎበት በጠመንጃ ይለወጣል። ዋስ ይቆማል፤ «ከማን ገዛኸው» ለሚል ነገ መልስ የሚሰጥ ሰው ያስፈልጋልና። የተሰረቀ ወይም የሰው ደም ያለበት ጠመንጃ የገዛ ሰው መከራ ገዛ። ስለዚህ ገዢና ሻጭ በምስክር ፊት ይተያያሉ፤ በወሎ ወግ ቡና ይፈላል፤ እንደ ቤቱ ሃይማኖት ዱዓ ይደረጋል ወይም ይመረቃል፤ ሻጩም «ይባርክልህ» ብሎ በእጁ ያስረክባል። በዚህ መንገድ የተገናኙ ሁለት ሰዎች ብዙ ጊዜ በዚያ አይለያዩም። አንዱ ለሠርግ ሲጠራ ሌላው ያንኑ ጠመንጃ ተሸክሞ ይመጣል። «ያንተ ውጅግራ ዛሬም አልከዳኝም» ብሎ ለሻጩ መንገር ከምስጋና ሁሉ የበለጠ ምስጋና ነው።

ሠርጉ ደግሞ የጠመንጃው በዓል ነበር። ሙሽራው ሲወጣ ይተኮሳል፤ ሙሽሪት ስትገባ ይተኮሳል። የጎልማሶቹ ልብ ያለው ግን ከምሳ በኋላ ነው። ወጣቱ ሲጨፍር ሸምገል ያሉት ከዳሱ ወጣ ይሉና ማዶ ካለው ተረተር ላይ ነጭ ድንጋይ ወይም የተላጠ ግንድ ዒላማ ያደርጋሉ። አንዱ በርከክ ይላል፣ አንዱ ይተኛል፣ አንዱ ቆሞ ካልተኮስኩ ይላል። ጠመንጃ ያልያዘ ከወዳጁ ይዋሳል፤ እዚህ ላይ ነው የመሣሪያዎቹ ጠባይ የሚወራው፤ ይኸኛው ወደ ግራ ይጥላል፣ ያኛው ትከሻ ይመታል፣ ለበኑ ረጋ ያለ ነው፣ ውጅግራው ጭሱ ዓይን ይይዛል። የመታ ይፎክራል፤ ፉከራው ውስጥ የአባቱን ስም ያነሳል፤ የሳተ ጠመንጃውን ይወቅሳል። ለውጥና ሽያጭም ብዙ ጊዜ የሚጀመረው እዚሁ ነው፤ አንድ ሰው በወዳጁ ጠመንጃ ሦስት ጊዜ ከመታ ጠመንጃውን ሳይጠይቅ አያድርም።

በወሎ ይህ ስብሰባ ሌላም መልክ አለው። እስላሙና ክርስቲያኑ በአንድ ቤተሰብ ውስጥ የሚዛመድበት አገር ነውና፣ በሠርጉ ላይ ለሁለቱም ለየብቻ ይታረዳል፣ ድግሱም ሁለት ይሆናል። የዒላማው ቦታ ግን አንድ ነው። ከሁለቱም ወገን የመጡ ሽማግሌዎች በአንድ መስመር ተቀምጠው ይዳኛሉ።

ለቅሶም ጠመንጃ ያወጣ ነበር። ስመ ጥር ሰው ሲሞት ፈረሱ ተጭኖ፣ ጠመንጃው አፈሙዙ ወደ ታች ተዘቅዝቆ በሜዳው ይዞራል። በሠርጉ ቀን ዒላማ ያስመታው ብረት በዚያ ቀን ባለቤቱን ያስለቅሳል። ጠመንጃውን የሸጠለት ወዳጅ በሕይወት ካለ ተሸካሚው እሱ ቢሆን ማንም አይደንቀውም።

ከባላገሩ ወግ ወደ ከተማው ስንመለስ፣ ከሁሉ በላይ ደሴን ደሴ ያደረጋት የራስ፣ ኋላም የንጉሥ ሚካኤል መናገሻ መሆኗ ነው። ግንቦት 23 ቀን 1906 በደሴ ነገሡ፤ አይጠየፍ አዳራሻቸው ዛሬም ከተማው ውስጥ አለ። በዚያ አዳራሽ ግብር የበላ ወታደር ነፍጡን ይዞ ዘምቶ ጥቅምት 17 ቀን 1909 ሰገሌ ላይ ተዋጋ። ብዙዎቹ አልተመለሱም፤ ንጉሡም ተማረኩ።

ከዚያ በኋላ ያሉት ዓመታት ለጠመንጃ ንግድ ጭንቅ ነበሩ። እንግሊዝ፣ ፈረንሳይና ጣልያን በ1899 ዓ.ም. ተስማምተው የባሕር በሩን ይቆጣጠሩ ነበርና ሕጋዊው መንገድ ጠባብ ነበር፤ የኮንትሮባንዱ በረሃ ግን ሰፊ ነው። ሐምሌ 26 ቀን 1920 ከጣልያን ጋር የተፈረመው የወዳጅነት ውል ከአሰብ እስከ ደሴ መኪና የሚያስሄድ መንገድ እንዲሠራ ይል ነበር። መንገዱ በጊዜው አልተሠራም። ከሰባት ዓመት በኋላ ያችው ወዳጅ በሰማይ መጣች።

ኅዳር 26 ቀን 1928 የጣልያን አውሮፕላኖች ደሴን ደበደቡ። አፄ ኃይለ ሥላሴ የጦር ሰፈራቸውን ወደ ከተማዋ ካዛወሩ ገና ሳምንት መሆኑ ነበር። በዚያ ቀን ንጉሠ ነገሥቱ ራሳቸው ከፀረ አውሮፕላን መድፍ ኋላ ሆነው የተነሱት ፎቶግራፍ ዓለምን ዞሯል። የአሜሪካ አድቬንቲስት ሚሲዮን ሆስፒታልም ከተመቱት አንዱ ነው። ከተሜው ያለውን አንስቶ ወደ ሰማይ ተኮሰ፤ በሠርግ የሚታወቀው ያ አሮጌ ነፍጥ አውሮፕላን ላይ ምን ያደርጋል? ሚያዝያ 7 ቀን 1928 ጠላት ደሴ ገባ።

ሲወጣም በዚያው ወር ወጣ። በሚያዝያ 1933 የደቡብ አፍሪካ ወታደሮችና የእኛ አርበኞች ኮምቦልቻን ከያዙ በኋላ ያንን ቀጥ ያለ ዳገት ተዋግተው ሚያዝያ 18 ቀን ደሴ ገቡ። ከኮምቦልቻ እስከ ደሴ መንገዱ 25 ኪሎ ሜትር አይሞላም፤ ከፍታው ግን ከ600 ሜትር በላይ ይጨምራል፤ ሐረጎን በእግሩ የወጣ ሰው ያ ውጊያ ምን እንደነበር ይገባዋል። ጠላት ጥሎት የሄደው መሣሪያ ብዙ ነበር። ባለ 6.5 ሚሊ ሜትሩ የጣልያን ካርካኖ በየቤቱ ገባ፤ ጥይቱም እንደ ልብ ተገኘ። የውጅግራ ዘመን ያበቃው በዚህ ጊዜ ነው ማለት ይቻላል። ሸምገል ያሉት ግን አልጣሉትም። ለአዲሱ ሰው አዲሱን እየሸጡ፣ አሮጌውን በምሰሶው ላይ ሰቅለው አቆዩት።

ይህን ወግ በፍቅር የሚያነሳ ሰው ሌላውንም ገጽ ደፍሮ ማንሳት አለበት። ያው ጠመንጃ ደም መላሽ ነበር። በሠርግ ወደ ላይ የተተኮሰ ጥይት ተመልሶ ወደ ታች ይወርዳል፤ በስንት ዳስ ደስታውን ሐዘን አድርጎታል። ክላሽ ከመጣ ወዲህ ደግሞ ነገሩ ከልኩ አልፏል። አንድ ጥይት አጉርሶ፣ አነጣጥሮ፣ ጭሱ እስኪገለጥ መጠበቅ የነበረው ወግ በሠላሳ ጥይት ካዝና ፊት አይቆምም። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177 ያለ ፈቃድ መያዝንም መሸጥንም መለወጥንም ወንጀል አድርጎታል፤ መደረጉም ተገቢ ነው። በዋስና በዱዓ ብቻ ጠመንጃ የሚለወጥበት ጊዜ ማለፉ አያስቆጭም። የሚያስቆጨው ትዝታው አብሮ መጥፋቱ ነው።

እየጠፋም ነው። በ2014 ዓ.ም. የሰሜኑ ጦርነት ደሴና ኮምቦልቻ ሲደርስ የደሴ ሙዚየም ተዘርፏል። ሙዚየሙ ያለው ቀድሞ የደጃዝማች ዮሴፍ ብሩ መኖሪያ በነበረው ቤት ውስጥ ነው፤ የወሎ ሰው ከአባቶቹ የተረፈውን አምኖ ያኖረው እዚያ ነበር። የተወሰደው ዕቃ ይመለስ አይመለስ ዛሬ መናገር አይቻልም።

በቤት የቀረው ግን በእጃችን ነው። በአያቱ ሳጥን ውስጥ የነሐስ ቀለህ፣ የተበላ የቆዳ ዝናር ወይም ብር የተለበጠ የሰደፍ ስባሪ ያለው ሰው ዕቃውን ለቆርቆሮ ለዋጭ ከመስጠቱ በፊት ቤተሰቡን ሰብስቦ ይጠይቅ፦ ከማን ተገዛ? በስንት በሬ ተለወጠ? ዋሱ ማን ነበር? በማን ሠርግ ተተኮሰበት? መልሱን በደብተር ይጻፈው፤ ዕቃውንም ለሙዚየሙ ያሳየው። ይህን የሚያስታውሱ ሽማግሌዎች ዛሬም በባቲ፣ በሐይቅ፣ በወረኢሉና በኮምቦልቻ አሉ። ዕድሜያቸው ግን ገፍቷል፤ ጥያቄው ለከርሞ ባይባል መልካም ነው።